ስንብት በመርሐ ግብር

በጃፓን ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን የጨረሰ ሰው ከጓደኞቹ የሚለያየው እንዲያው በአጋጣሚ አይደለም። መለያየቱ ቀን አለው፤ አዘጋጅ፣ መዋጮ፣ የንግግር ተራ፣ መዝጊያም አለው። ጃፓኖች ሶቤትሱካይ ይሉታል፤ የሽኝት ግብዣ ነው። ተመራቂውን በትምህርት ታናናሾቹ ይሸኙታል፣ የቤተ ሙከራ ባልደረቦቹ ይሸኙታል፣ በትርፍ ሰዓቱ ሲሠራበት የቆየው ምግብ ቤትም ሊሸኘው ይችላል፤ እያንዳንዱ በየራሱ ግብዣ። ከውጭ ለሚያይ ሰው ሐዘንን በደንብና በሰዓት ያሰሩት ይመስላል። «ከልብ ቢሆን ኖሮ መርሐ ግብር ምን ያደርግለታል?» የሚል ጥርጣሬም ይከተላል። በእኔ እይታ ግን ስሜትን በቃል ማውጣት በሚከብድበት ማኅበረሰብ ውስጥ ይህ ሥርዓት ሰው በራሱ ሊጀምረው የማይደፍረውን ንግግር ይጀምርለታል። እንከን የለበትም ማለቴ አይደለም፤ እንከኖቹ ላይ እደርሳለሁ።

ከቀን መቁጠሪያው እንነሣ (ዓመታቱም ወራቱም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የጃፓን መንግሥት ከ1886 ጀምሮ የበጀት ዓመቱን ከኤፕሪል እስከ ማርች አደረገ፤ ትምህርት ቤቶችም ቀስ በቀስ ተከተሉት፤ የቶኪዮ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ በኤፕሪል መጀመር የያዘው በ1921 ነው። ዛሬ ተማሪ የሚመረቀው፣ መምህር የሚዛወረው፣ የኩባንያ ሠራተኛ ወደ ሌላ ከተማ የሚላከው በአብዛኛው በማርች ነው። አገር ምድሩ በአንድ ሰሞን ይሰነባበታል ማለት ነው፤ ስለዚህ የማንም ስንብት የብቻው አይደለም። ዜማውም የጋራ ነው። በ1881 ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተዘጋጀ የመዝሙር መጽሐፍ ውስጥ የገባው «ሆታሩ ኖ ሂካሪ»፣ ማለትም «የአብሪ ትል ብርሃን»፣ ዜማው የስኮትላንድ ሲሆን ግጥሙ መብራት የሌለው ድኻ ተማሪ በአብሪ ትሎች ብርሃን አነበበ የሚለውን የጥንት ቻይና ታሪክ ያስታውሳል። በምረቃ ላይ ሲዘመር ስንቱን ያስለቀሰው ይኸው ዜማ በዋልትዝ ምት ተቀይሮ በየገበያ አዳራሹ የመዝጊያ ሰዓት ይለቀቃል፤ ደንበኛው «ሒሳብህን ከፍለህ ውጣ» መባሉን ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

የግብዣው አሠራር ቀላል ነው። ከታናናሾቹ አንዱ አዘጋጅ ይሆናል፤ ቦታ ይይዛል፣ መዋጮ ይሰበስባል፤ ተሸኚው አብዛኛውን ጊዜ አይከፍልም። መጀመሪያ ጽዋ ይነሣል፣ ከዚያ ንግግር፣ ስጦታ ወይም አበባ፣ በመጨረሻም የተሸኚው ቃል። ሲያበቃ አንድ ሰው ይመራና ሁሉም በአንድ ምት ያጨበጭባል። ይህ ጭብጨባ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ጥቅሙ ግን ማንም ቀድሞ ተነሥቶ «በሉ ልሂድ» የማለት ሸክም እንዳይወድቅበት ማድረጉ ነው። (ከዚያ በኋላ ሁለተኛ ግብዣ የሚባል መኖሩና ሰዎቹ ሌላ ቤት ገብተው እንደገና መቀመጣቸው የጭብጨባውን ዋጋ ትንሽ ይቀንሰዋል።)

የሥርዓቱ አስኳል ግን ዮሴጋኪ ነው። ሺኪሺ በሚባል፣ 24 በ27 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ ጠንካራ ወረቀት መሐል ላይ የተሸኚው ስም ይጻፋል፤ ሌሎቹ እንደ ጋሪ ጎማ ራጂዎች ዙሪያውን እየከበቡ አጭር መልእክት ያሰፍራሉ። ወረቀቱ ተሸኚው ሳያይ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ሁለት ወይም ሦስት መስመር ብቻ ነው፤ ፕሮፌሰሩ ከአንደኛ ዓመት ተማሪው የሰፋ ቦታ መውሰድ አይችልም። ሙግቴ ከሁሉ ይልቅ የሚደገፈው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አጠገቡ ተቀምጦ ከሰላምታ ያላለፈ ዓይነ አፋር ሰው «ያን ዕለት ስለረዳኸኝ አመሰግናለሁ» ብሎ ለመጻፍ ምክንያት መፈለግ የለበትም፤ ተራው ደርሶት ብዕሩ ተሰጥቶታል። ግዴታው ለድፍረቱ መሸፈኛ ይሆነዋል። በመለስተኛና በከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የታወቀው ልማድም ያንኑ ያደርጋል፦ በምረቃ ቀን ልጃገረዷ የምትወደውን ልጅ የደንብ ልብሱን ሁለተኛ ቁልፍ ትጠይቃለች፤ ለልብ የሚቀርበው ቁልፍ ነው ይባላል። «እወድሃለሁ» ማለት ያቃታት ልጅ ቁልፍ መጠየቅ ትችላለች።

«እንግዲያው ሁሉም በግዴታ ከጻፈ፣ የልቡን የጻፈው በምን ይለያል?» ይባል ይሆናል። ጥያቄው አዲስ አይደለም። ባለቅኔው ኪ ኖ ጹራዩኪ በ934 የቶሳ ግዛት ገዥነቱን ጨርሶ ወደ መዲናዪቱ ሲመለስ በጻፈው የጉዞ ማስታወሻ የመጀመሪያዎቹን ቀናት የሞላው የሽኝት ግብዣ ነው፤ ትልቅ ትንሹ ሰክሮ ነበር ይለናል። በዚያው መሐል ግን አንድ ሹም ያልሆነ ሰው በክብር መጥቶ እንደሸኘው ለይቶ ይመዘግባል፤ ሥልጣኑ ካበቃ ገዥ ሰው እንደሚርቅ ያውቅ ነበርና። ሥርዓቱ ቅንነትን አላጠፋበትም፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር በሚያደርግበት ቦታ ልዩነቱ ይልቁንም ጎልቶ ታየው። እኛስ ብንሆን? ሽማግሌ መንገደኛን ሲመርቅ ቃሉ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ «አሜን» የምንልበት ቦታም እንዲሁ። ቃሉ የታወቀ ስለሆነ ብቻ ምርቃቱን ባዶ ነው ያለ ሰው ግን አልሰማንም።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ሥርዓቱ ወዳጅነትን ያሳምርና ይዘጋል የሚል። ከውጭ የሄዱ ተማሪዎች እንዲያ ያለ ሽኝት ካደረጉላቸው ጓደኞች በኋላ ድምፅ ጠፋ ሲሉ ይሰማል። ለዚህ የቻይናዊውን ደራሲ የሉ ሹንን ታሪክ አነሣለሁ። ከ1904 እስከ 1906 በሴንዳይ ሕክምና ሲማር የአናቶሚ መምህሩ ፉጂኖ ገንኩሮ የትምህርት ማስታወሻዎቹን በቀይ ቀለም ያርሙለት ነበር። ሕክምናን ትቶ ሊሄድ ሲሰናበት መምህሩ ፎቶግራፋቸውን ሰጡት፤ ጀርባው ላይ የመለያየት ቅሬታን የሚገልጹ ሁለት ፊደላት ብቻ ተጽፈዋል፤ ለማንም ሊጻፍ የሚችል የተለመደ ቃል ነው። ሉ ሹን ከሄደ በኋላ አንድም ደብዳቤ አልላከም። ወዳጅነቱ በዚያው ተዘጋ እንበል? ፎቶግራፉን ቤጂንግ በሚገኘው ቤቱ ከጽሕፈት ጠረጴዛው ፊት ለፊት ሰቅሎት ኖረ፤ በ1926ም ስለ መምህሩ ዛሬም በስፋት የሚነበብ ድርሰት ጻፈ። ደብዳቤ አለመጻፍ መርሳት አይደለም፤ እርግጥ መምህሩ ለብዙ ዓመታት ያንን ሊያውቁ የሚችሉበት መንገድ አልነበረም፤ በዚህ በኩል ቅሬታው እውነት አለው። ሽኝቱ የነበረውን ያከብራል፤ ለነገው ዋስ አይሆንም።

አሁን ወደ እንከኑ። ሥርዓቱ የሚሠራው በውስጡ ላሉት ነው፤ ውስጥ ለመሆን ደግሞ ዋጋ አለው። መጠጥ በሚቀርብበት ማዕድ ላይ መጠጥ የማይቀምስ ሰው፣ ሁለተኛውን ግብዣ መክፈል የሚከብደው ሰው፣ ዝም ብሎ ቤቱ መግባት የሚመርጥ ሰው እምቢ ለማለት ይቸገራል። ኢትዮጵያዊ ተማሪ ደግሞ ሌላ ፈተና አለበት፤ የማርች ሽኝት ዘወትር ለማለት ይቻላል ዐቢይ ጾም ላይ ይውላል፣ አትክልት ብቻ ነው የተባለው ሾርባም ብዙ ጊዜ መረቁ የደረቀ ዓሣ ነው። ከሁሉ የሚብሰው ግን የጊዜው ጉዳይ ይመስለኛል። በ2013 በዮኮሃማው የቲካድ (የጃፓንና የአፍሪካ ልማት) ጉባኤ ይፋ በሆነው፣ ኤቢኢ ኢኒሼቲቭ በሚባለው ለአፍሪካውያን ወጣቶች የተዘጋጀ የትምህርት ዕድል የሄዱትን ኢትዮጵያውያን ጨምሮ ብዙ የውጭ ተማሪዎች የሚማሩባቸው በእንግሊዝኛ የሚሰጡ የማስተርስ ትምህርቶች በአብዛኛው በመጸው ተጀምረው በሴፕቴምበር ያበቃሉ። ለእኛ እንቁጣጣሽ ነው፤ ለጃፓን ግን ስንብት የሌለበት ወር። ቤተ ሙከራው ሽኝት ያዘጋጅለት ይሆናል፤ አገሩ ሁሉ አብሮት አይሰናበትም። በ2020 የትምህርት ዓመቱን ወደ ሴፕቴምበር የማዛወር ሐሳብ በመንግሥት ደረጃ ተነሥቶ በዚያው ዓመት ተተወ።

ይህ ሁሉ ሆኖ «ቅርጽ ብቻ ነው» ለሚል ሰው ያው 2020 ሌላ ማስረጃ አለው። የኮሮና ወረርሽኝ መሰብሰብን በከለከለበት ማርች ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የምረቃ በዓላቸውን ሰረዙ። ባዶ ቅርጽ ቢሆን ኖሮ ሰበብ ሲገኝ ከመተው የሚቀል ነገር አልነበረም። ሆኖም ቶኪዮ የሚገኘው ቢዝነስ ብሬክስሩ ዩኒቨርሲቲ ማርች 28 ቀን በአንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ጎማ ያላቸው ሮቦቶች አሰለፈ፤ የምረቃ ካባና ቆብ አለበሳቸው፣ ፊታቸው በሆነው ታብሌት ላይም ቤታቸው የተቀመጡት ተመራቂዎች ይታዩ ነበር። ተማሪው ከቤቱ ሆኖ ሮቦቱን እየነዳ ወደ ፕሬዚዳንቱ ቀረበ፣ ዲፕሎማውም ሮቦቱ በያዘው መደብ ላይ ተቀመጠለት። ነገሩ ፈገግ ያሰኛል። ነገር ግን ዲፕሎማውን በፖስታ መላክ እጅግ ይቀል ነበር።