የጢስ ቱቦ

አንዲት የገበሬ እመቤት የወተት ቅል ስታጥን እንመልከት። በመጀመሪያ ቅሉን አጥባ ታደርቃለች። ቀጥሎ የወይራ ስንጥር ትለኩሳለች። ወይራው ቦግ ብሎ ሲነድ ቅሉን አትደፋበትም። ነበልባሉን እፍ ብላ ታጠፋና ጢሱ ብቻ ሲቀር ነው የምትደፋው። ለምን እንዲህ እንደምታደርግ ቢጠይቋት፣ «ወተቱ ቶሎ እንዳይበላሽ ነው፤ ጣዕሙም ያምራል» ትላለች። እናቷም አያቷም እንዲሁ ሲያደርጉ አይታለች። የጠላ ጋን የሚያጥኑ ሴቶችም ይህንኑ ያውቃሉ።

ዛሬ የምናነበው በአሜሪካ አገር ስለሚሠሩበት አንድ ዕቃ ነው። ስሙ የጢስ ቱቦ ይባላል። የሩቅ አገር ዕቃ ይሁን እንጂ ሥራው ከወይራዋ ስንጥር ሥራ ብዙ አይርቅም።

በአሜሪካ ሥጋን በእንጨት ጢስ ማብሰል የቆየ ልማድ ነው። ባርቤኪዩ ይሉታል። ለምሳሌ ቴክሳስ በሚባለው ክፍለ አገር የበሬ ፍርንባ በኦክ እንጨት ጢስ ውስጥ አሥርና አሥራ ሁለት ሰዓት ይቆያል። ሙቀቱ ብዙ አይደለም፤ 110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። በባሕር ጠረፍ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ መሆኑን ስናስብ፣ ሥጋው የሚበስለው ቀስ ብሎ እንደሆነ ይገባናል። ታዲያ አንድ ሰው ሌሊቱን ሙሉ እሳቱን መጠበቅ አለበት። እንጨት ሲበዛ ሥጋው ያራል፤ ሲያንስ እሳቱ ይጠፋል።

ይህ አድካሚ ስለሆነ ብዙ ሰው ወደ ጋዝ ምድጃ ዞረ። ጋዝ ግን አይጤስም። ሥጋው ይበስላል፤ የእንጨት ጣዕም ግን የለውም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1985 ዓ.ም. ጆ ትሬገር የተባለ የኦሪገን ሰው ሌላ ዓይነት ምድጃ ሠራ። ይህ ምድጃ የሚነደው በተጨመቀ ሰጋቱራ ነው። ሰጋቱራውን ሞተር ጥቂት በጥቂት ወደ እሳቱ ይገፋል፤ ማራገቢያም አየር ይነፋበታል። ሌሊት መንቃት ቀረ ማለት ነው። ነገር ግን በደንብ የሚነድ እንጨት ጢሱ ጥቂት ነው። ማጀት የሚውል ሰው ይህን ከማንም ይበልጥ ያውቃል፤ ቤቱ በጢስ የሚሞላው እሳቱ ሲንቦገቦግ ሳይሆን አልነድ ሲል ነው። ስለዚህ በጋዝም ሆነ በሰጋቱራ ምድጃ የሚሠሩ ሰዎች ጢስ ብቻ የሚሰጥ ዕቃ ፈለጉ። የጢስ ቱቦ የመጣው ለዚህ ነው።

ቱቦው ከማይዝግ ብረት የተሠራ ነው። ዙሪያውን እንደ ወንፊት የተበሳሳ ነው። አንደኛው ጫፉ ክፍት፣ ሌላው ዝግ ነው። ርዝመቱ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ማለት ከስንዝር ትንሽ ይበልጣል፤ የዚህ ግማሽ የሆነም አለ። ወርዱ ሦስት ጣት ያህል ነው። ሌላ ምንም ነገር የለውም። ሞተር የለው፣ ሽቦ የለው። ብልሃቱ ያለው በቀዳዳዎቹ ላይ ነው።

በውስጡ የሚጨመረው የተጨመቀ ሰጋቱራ ነው። እንደ እርሳስ የቀጠነ፣ አጭር አጭር ሆኖ የተቆረጠ ፍሬ ነው። በእንግሊዝኛ ፔሌት ይሉታል። እንጨት በተፈጥሮው ሊግኒን የሚባል ነገር አለው። ሰጋቱራው በኃይል ሲጨመቅ ይግላል፤ ሊግኒኑም ይለሰልስና ዱቄቱን ያያይዘዋል። ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል። ሙጫ አይጨመርበትም። ውኃ ከነካው ግን ያብጥና ተመልሶ ሰጋቱራ ይሆናል፤ ስለዚህ በደረቅ ቦታ ይቀመጣል።

አሁን እንዴት እንደሚለኮስ እንይ። ቱቦው በፍሬው ይሞላል። ክፍት የሆነው ጫፍ በጋዝ መለኮሻ ይለኮሳል። ነበልባሉ አምስት ወይም አሥር ደቂቃ እንዲነድ ይተዋል። ይህን ጊዜ የሚቸኩል ሰው ኋላ ይቸገራል፤ ፍሙ በደንብ ሳይዝ ነበልባሉ ከጠፋ፣ ጢሱም ጥቂት ቆይቶ ይቋረጣል። ፍሙ ሲይዝ ነበልባሉ እፍ ተብሎ ይጠፋል። ቱቦውም በምድጃው ውስጥ ከሥጋው ጎን ይጋደማል። ጮማ እንዳይንጠባጠብበት ከሥጋው ሥር አይደረግም፤ ጮማ ሲያርፍበት እሳቱ ይነሣል።

ፍሙ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ቀስ እያለ ይሄዳል። ትልቁ ቱቦ አራትና አምስት ሰዓት ይጤሳል። ለምን አይነድም? ለምንስ አይጠፋም? መልሱ አየር ነው። እሳት አየር ይበላል። ብዙ አየር ካገኘ ይንቦገቦጋል። አየር ጨርሶ ካጣ ይሞታል። በቀዳዳዎቹ የሚገባው አየር ለነበልባል አይበቃም፤ ለፍም ግን ይበቃል። የምድጃው ክዳን ጥርቅም ተደርጎ ከተዘጋ ቱቦው ይጠፋል። ነፋስ ካገኘውም ቶሎ ያልቃል።

ሁሉም ጢስ አንድ አይደለም። ወፍራም፣ ነጭ፣ ዓይን የሚያቃጥል ጢስ ሥጋውን ያመርረዋል። ጥሩው ጢስ ስስ ነው፤ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ከሩቅ ሲያዩት ያለ አይመስልም። ብዙ ጢስ ብዙ ጣዕም የሚሰጥ የሚመስለው ጀማሪ ግን ቱቦውን እርጥብ ፍሬ ሞልቶ እንግዶቹን ጥቀርሻ ያበላቸዋል።

የእንጨቱም ዓይነት መታወቅ አለበት። አሜሪካውያን ኦክ፣ ሂከሪ፣ ፖምና የመሳሰሉትን ጠንካራ ዛፎች ይመርጣሉ። እንደ ጥድ ያለ ሙጫ የሚበዛበት እንጨት ለዚህ ሥራ አይሆንም። ቤት ለማሞቅ የሚሸጥ የተጨመቀ ሰጋቱራም አለ፤ እርሱም ለምግብ አይሆንም። ምን እንጨት እንደተደባለቀበት አይታወቅምና። «ሰጋቱራ ከሆነ ከአናጢው ቤት በነፃ አገኛለሁ» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። አናጢው ግን ቀለም የተቀባ፣ ምስጥ እንዳይበላው መድኃኒት የተነከረ፣ በማጣበቂያ የተሠራ ጣውላም ይሰነጥቃል። የዚህ ጢስ መርዝ ነው።

ቱቦው ራሱ የሚሰጠው ሙቀት ጥቂት ስለሆነ፣ ሌላ እሳት ሳይነድ ዓይብ፣ ጨውና ቅቤ ይታጠንበታል። ይህ በቀዝቃዛ ሰዓት ይሠራል፤ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ካለፈ ዓይቡ መቅለጥ ይጀምራል። ጥሬ ሥጋ ግን በዚህ ዓይነት አጥኖ መተው አደገኛ ነው። ለምን ቢባል፣ ጢስ የሚነካው ላዩን ብቻ ነው። በጢስ ውስጥ እንደ ኮምጣጤ ያለ አሲድ፣ ፌኖል የሚባሉም ነገሮች አሉ፤ እነዚህ ከላይ ያለውን ጀርም ያዳክማሉ። ወደ ሥጋው ውስጥ ግን ጠልቀው አይገቡም። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ጀርም ይራባል። እንግዲህ በለብታ ጢስ ውስጥ ግማሽ ቀን የዋለ ጥሬ ሥጋ፣ መልኩ ቡናማ፣ ሽታው የሚያስጎመዥ ቢሆንም፣ ውስጡ የጀርም መራቢያ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የዶሮ ሥጋ ለምሳሌ መሐሉ ድረስ 74 ዲግሪ መድረስ አለበት። ይህን የሚያደርገው ሙቀት ነው እንጂ ጢስ አይደለም።

ቋንጣ በጢስ ላይ ተሰቅሎ ሳይበላሽ ይቆይ የለም ወይ? እውነት ነው፤ ይቆያል። ነገር ግን ቋንጣ በስሱ ይዘለዘላል፣ ጨው ይነሰነስበታል፣ እስኪደርቅም ይሰቀላል። ጀርም ውኃ ካጣ አይራባም። ትልቁን ሥራ የሠሩት ጨውና ድርቀት ናቸው፤ ጢሱ ረዳት ነው።

ወደ ወተቷ እመቤት እንመለስ። የታጠነ ቅል ወተቱ የሚበላሽበትን ጊዜ ያዘገየዋል። ላሟ የሳንባ ነቀርሳ ካለባት ግን ወይራው በወተቱ ውስጥ ያለውን በሽታ አይገድለውም። በታጠነ ቅል የተቀመጠ ወተትም ለሕፃን ከመሰጠቱ በፊት መፍላት አለበት።

አንድ ነገር ይቀራል፤ እርሱም የማይታየው ጢስ ነው። አየር ያነሰው እሳት ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። የከሰል ምድጃ ይዘው በዘጉት ቤት ከተኙ ሰዎች ብዙዎቹን በእንቅልፋቸው የገደለው ይኸው ጋዝ ነው። በጢስ ቱቦ ውስጥ ያለውም እሳት አየር ያነሰው ነው። ስለዚህ ቱቦው የሚለኮሰው በደጅ ነው፤ በቤት ውስጥ፣ በጎተራ ወይም በረንዳ ጥግ አይደለም። ዝናብ ቢመጣ ምድጃው ይከደናል እንጂ ወደ ቤት አይገባም።

ሥራው ሲያልቅ ቱቦው በእጅ አይነካም፤ በጉጠት ይነሣል። አመዱም ያን ዕለት ከጥራጊ ጋር አይደፋም። የጠፋ የሚመስል ፍም በአመድ ውስጥ ሊያድር ስለሚችል፣ በብረት ዕቃ ተደርጎ በማግሥቱ ይጣላል።