ወተቱ ወደ ከተማ፣ ቆሻሻው ወደ ገጠር

የአዲስ አበባ ነዋሪ ጠዋት ማኪያቶውን ሲያዝ ወተቱ ከየት እንደመጣ ብዙም አይጠይቅም። ከሱሉልታ፣ ከሰንዳፋና ከሆለታ አካባቢ አርሶ አደሮች ጎህ ሳይቀድ ያለቡት ወተት ነው። የቧንቧ ውሃዋም በከፊል ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣ ነው፤ ሦስቱም በኦሮሚያ መሬት ላይ ናቸው።

ከተማዋስ በምላሹ ምን ትልካለች? የአቃቂ ወንዝ ፍሳሿንና የፋብሪካ ዝቃጯን ጠራርጎ ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳል፣ ከዚያም አዋሽን ይቀላቀላል። የታችኛው ተፋሰስ ገበሬ ከብቱን የሚያጠጣው፣ ጎመኑን የሚያለማው በዚሁ ውሃ ነው። ጎመኑ ደግሞ ተመልሶ ከተሜው ማዕድ ላይ ይቀርባል።

ያለ ገበሬው ፈቃድ የሚሠራ ሥራ እንደማይዘልቅ የሰንዳፋው ቆሻሻ ማስወገጃ አሳይቷል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ በአካባቢው አርሶ አደሮች ተቃውሞ በወራት ውስጥ ቆመ፤ ቆሻሻውም ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ።

ከከተማዋ ደረቅ ቆሻሻ አብዛኛው የሚበሰብስ ነው። የማዳበሪያ ዋጋ ለከበደው ገበሬ ይህ ኮምፖስት ሊሆን በቻለ ነበር። ግን ስባሪ ጠርሙስ፣ ፌስታልና ባትሪ የተቀላቀለበትን ማንም ማሳው ላይ አይበትንም። መለየቱ ከከተማው ጓዳ መጀመር አለበት። ከለገዳዲ በላይ እርከን ሠርቶ ግድቡን ከደለል የሚጠብቀው ገበሬም ከውሃው ሂሳብ ድርሻ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።