አነጋገርና መግባባት፦ እንግሊዝኛ በአማርኛ ተናጋሪ አንደበት

በአቃቂ በሰቃና ከዚያ ወደ ዱከም በሚያወጣው መንገድ ግራና ቀኝ በተተከሉት ፋብሪካዎች እንግሊዝኛ የሚነገረው በአብዛኛው ቋንቋው የአፍ መፍቻቸው ባልሆነ ሰዎች መካከል ነው። ኢትዮጵያዊው የፈረቃ ኃላፊና ቻይናዊው መሐንዲስ፣ በቂሊንጦ የሚገኘው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪና ከሌላ አገር የመጣው መምህሩ የሚግባቡት ሁለቱም ኋላ በተማሩት ቋንቋ ነው። ስለዚህ ጥሩ እንግሊዝኛ ማለት የለንደንን ሰው መምሰል ነው ወይስ አድማጭ ሳይቸገር እንዲረዳ አድርጎ መናገር የሚለው ጥያቄ በዚህ አካባቢ ከዕለት ሥራ ጋር የተያያዘ ነው።

የካናዳ የቋንቋ ተመራማሪዎቹ መሬይ መንሮና ትሬሲ ደርዊንግ በ1995 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ የማንዳሪን ቻይንኛ ተናጋሪዎችን እንግሊዝኛ ለአድማጮች አሰምተው፣ ቅላፄን ማለትም የተናጋሪውን መነሻ የሚያሳብቀውን የድምፅ ቀለም ከመረዳት ለይተው መዘኑ። አድማጮች ቅላፄው ከባድ ነው ያሉትን ንግግር ጭምር ብዙ ጊዜ አንድም ቃል ሳይስቱ መጻፍ ችለው ነበር። እንግሊዛዊቷ ጄኒፈር ጄንኪንስም በ2000 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የተለያየ አገር ሰዎች በእንግሊዝኛ ሲነጋገሩ መግባባትን የሚያፈርሱት ድምፆች የትኞቹ እንደሆኑ ለይተው፣ “ሦስት” በሚለው የእንግሊዝኛ ቃል መነሻ ላይ ያለውን፣ ምላስን በጥርሶች መካከል በማድረግ የሚወጣውን ድምፅ ከአስፈላጊዎቹ ዝርዝር አውጥተውታል። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ለአብራሪዎችና ለበረራ ተቆጣጣሪዎች በደነገገው የቁጥር አጠራር ውስጥም ይኸው ቃል “ትሪ” ተብሎ እንዲጠራ መደረጉ፣ የሰው ሕይወት በአንድ ቃል ላይ በሚንጠለጠልበት ሥራ እንኳ ያ ድምፅ እንደማያስፈልግ ያሳያል። ተማሪ “ማሰብ” የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል “ቲንክ” ወይም “ሲንክ” ብሎ ጠራ ተብሎ የሚባክነው የክፍል ጊዜ፣ በዚህ መሠረት፣ አላግባብ የሚባክን ነው።

ችግሩ ያለው በሌላ ቦታ ነው። አማርኛ በአናባቢ ርዝመት ትርጉም ስለማይለይ፣ እንግሊዝኛ ለመርከብና ለበግ የሚጠቀምባቸው ሁለት ቃላት በአማርኛ ፊደል ሲጻፉ ሁለቱም “ሺፕ” ይሆናሉ፤ በአንደበትም እንዲሁ አንድ ሆነው ይወጣሉ። በአቃቂ ከአማርኛ ተናጋሪው ተማሪ ጋር በአንድ ወንበር የሚቀመጥ ኦሮምኛ ተናጋሪ ጓደኛው ግን የአናባቢን ማጠርና መርዘም ከልጅነቱ ለትርጉም መለያ ሲጠቀምበት፣ ኦሮምኛ በሚጻፍበት በቁቤም ረጅሙን አናባቢ ደግሞ ሲጽፈው ስለኖረ፣ ልዩነቱን ለመስማት ይቀለዋል። ከርዝመት ጋር አብሮ የሚሄደው አጽንዖት ነው፤ ይህም ከአንድ ቃል ክፍሎች አንዱን ከሌሎቹ አጉልቶ መጥራት ማለት ነው። “ፊፍቲን” ሲባል ጉልበቱ በመጨረሻው ክፍል ላይ ያርፋል፣ “ፊፍቲ” ሲባል ግን በመጀመሪያው ላይ፤ ተናጋሪው ሁለቱንም እኩል አድርጎ ከጠራና መጨረሻ ላይ ያለውን “ን” ከዋጠው፣ መጋዘን ውስጥ 15 ኩንታል የተባለው 50 ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል። “አለ” ጠብቆና ላልቶ ሲነበብ ትርጉሙ እንደሚለወጥ የሚያውቅ አማርኛ አንባቢ የነገሩን ክብደት አያጣውም፤ መጥበቅና መላላት በፊደላችን ላይ እንደማይታይ ሁሉ አጽንዖትም በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ አይታይምና፣ ሁለቱም የሚገኙት በጆሮ ነው።

“ፕ” እና “ቭ” ወደ አማርኛ በውሰት ቃላት የገቡ ድምፆች በመሆናቸው “ፖስታ”ን “ቦስታ”፣ “ቪዲዮ”ን “ቢዲዮ” የሚል ሰው አይጠፋም፤ ይህ በእንግሊዝኛ ቃል ከቃል ስለሚያምታታ ሊታረም ይገባዋል። በአንጻሩ “ስፖርት”ን “እስፖርት” ብሎ አናባቢ መጨመር እምብዛም አይጎዳም፤ ጄንኪንስም በቃል መነሻ የሚደራረቡ ተነባቢዎችን መዋጥ አናባቢ ከመጨመር የበለጠ እንደሚያደናግር ጽፈዋል።

በአገራችን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነውና፣ ሲናገር የተሳቀበት ተማሪ በፊዚክስም በባዮሎጂም ክፍል አፉን ይዘጋል። መምህራን ሳቁን ያስቁሙ፤ ለ“ቲንክ” እርማት የምትባክነውንም ሰዓት ረጅሙን ድምፅ ከአጭሩ፣ አጽንዖት ያረፈበትን ክፍል ካላረፈበት ለማስለየት ያውሏት።