ከረገፈ ቅጠል ላይ የምትነሣው እንጉዳይ

ፖታስየም ሃይድሮክሳይድ በየሆስፒታሉ ላቦራቶሪ የማይጠፋ ተራ ፈሳሽ ነው። ጭርት ወይም ቆረቆር የያዘው ልጅ ሲመጣ ከቆዳው የተፋቀው ቅርፊት በስላይድ ላይ ይደረግና አንድ ጠብታ ይጨመርበታል፤ የቆዳው ሕዋስ ሟሙቶ ሲጠራ የፈንገሱ ክሮች ይቀራሉ። በመቐለ፣ ዓይደር የምትኖር አንዲት የላቦራቶሪ ባለሙያ በሥራ ሰዓቷ ይህን ታደርጋለች። ክረምት ሲገባ ግን ያንኑ ፈሳሽ ቀጠን አድርጋ ከጥድና ከወይራ ሥር ለለቀመቻቸው፣ ቆባቸው ከምስር ፍሬ ለማይበልጥ እንጉዳዮች ታውለዋለች።

ሞቃታማ ደን ሲባል ለብዙ ሰው የሚመጣለት የከፋ ወይም የሸካ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ነው። ከመቐለ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ትግራይ ወደ አፋር ቆላ በምታዘቀዝቅበት አፋፍ ላይ ያለው፣ ባለሙያዋ የምትለቅምበት ደስአ ሌላ ዓይነት ነው። ጥድና የዱር ወይራ የሚበዙበት ደረቅ የደጋ ደን ሲሆን ዋናው ዝናቡ በሐምሌና በነሐሴ ይጠቃለላል። በዚያች አጭር ጊዜ የረገፈው ቅጠል ይርሳል፤ በቅጠሉ ውስጥ ተሰራጭቶ የከረመው ፈንገስም ፍሬውን ያወጣል። እኛ እንጉዳይ የምንለው ያንን ፍሬ ነው።

ለእንዲህ ያለ አገር የተፈጠረ የሚመስል ወገን አለ፤ ማራስሚየስ። ብዙ እንጉዳይ ዝናብ ሲያጣ ይበሰብሳል። ማራስሚየስ ይደርቃል፣ ይጨማደዳል፣ እንደገና ሲርስ ይዘረጋል። የስዊድኑ ኤልያስ ፍሪስ በ1830ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ወገኑን ለይቶ ሲያቋቁም አንዱ ማስረጃው ይኸው ነበር። የወደቀ ቅጠል የሚጠነክረው ሊግኒን በሚባለው ነገር ነው፤ ሊግኒንን በሚገባ ሊያፈርሱ ከሚችሉት ጥቂት ፍጥረታት መካከል እነዚህ ትንንሾች አሉበት። እነሱ ባይኖሩ በቅጠሉ ውስጥ የታሰረው ምግብ ወደ ሥሩ ለመመለስ እጅግ ይዘገይ ነበር።

ስም ማውጣት የሚጀምረው ማይክሮስኮፑ ጋ ሳይሆን መሬት ላይ በጉልበት ተንበርክኮ ነው። ቆቡ እርጥብ ሳለ ምን ዓይነት ቀለም ነበረው? ሲደርቅስ? ሽታው የነጭ ሽንኩርት ነው ወይስ የበረኪና? ሲቆረጥ ፈሳሽ ያወጣል? ከቆቡ ሥር የተደረደሩት ስስ ንጣፎች አገዳውን ይነካሉ፣ ወይስ በአገዳው ዙሪያ ባለች ትንሽ ቀለበት ላይ ይያያዛሉ? አገዳው ከቅጠሉ በቀጥታ ይወጣል ወይስ ሥሩ ላይ ነጭ ሻጋታ መሰል ክር አለው? ቅጠሉስ የምን ዛፍ ነው? ይህ ሁሉ በዚያው ቀን ካልተጻፈ ይጠፋል፤ የደረቀ ናሙና ሽታውንም ቀለሙንም አይመልስም። ፎቶግራፍ ይረዳል፣ ግን አይሸትም፤ ቀለሙም እንደ ብርሃኑ ይለዋወጣል።

ከዚያ በዝቅተኛ ሙቀት፣ ወደ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ፣ ማድረቅ ይከተላል። የደረቀው ሲፈለግ ቁራጩ በፖታስየም ሃይድሮክሳይድ ይርስና ሕዋሱ ይዘረጋል። አዮዲን ያለበት የሜልዘር ድብልቅ ሲነካቸው ማይሲና የተባለው ወገን የብዙዎቹ ዝርያዎች ስፖሮች፣ ማለትም የመራቢያ ሕዋሳት፣ ወደ ሰማያዊ ግራጫ ይለወጣሉ፤ የማራስሚየስ ስፖሮች አይለወጡም። በዓይን ሲታዩ የሚምታቱ ሁለት ወገኖች በአንድ ጠብታ ይለያያሉ። ቀጥሎ የቆቡ የላይኛው ቆዳ ይታያል፤ በከፊሎቹ ማራስሚየሶች ሕዋሱ ለስላሳ ነው፣ በሌሎቹ ጫፉ ላይ ብዙ ጣት ያወጣል። ባለሙያዎች ይህን የመጥረጊያ ሕዋስ ይሉታል።

ስሙ ጋ ሲደረስ ፈተናው ይጀምራል። በጥድ ርጋፊ ላይ የጸጉር ያህል የቀጠነ ጥቁር አገዳ ያላት እንጉዳይ ስትገኝ አውሮፓ ውስጥ የታተመ መጽሐፍ የሚያቀብለው ስም አንድሮሳሴየስ ነው። የዕፅዋት ተመራማሪው ሊኔዎስ በ1753 አጋሪከስ ውስጥ አስገባት፤ ፍሪስ ወደ ማራስሚየስ አዛወራት፤ የቼኩ ቭላዲሚር አንቶኒን በ1987 ሴቱሊፔስ የሚል ወገን አበጀላት፤ የዘረመል ጥናት ደግሞ ወደ ጂምኖፐስ ወሰዳት። ሦስት ጊዜ ቤት የለወጠች የሰሜን አውሮፓ ዝርያ በደስአ ስለመብቀሏ መልኳ ብቻውን አይመሰክርም። ባለሙያዋ በፖስታው ላይ “ዝርያው ያልተወሰነ” ብላ ትጽፋለች፤ ልክም ናት። የተሳሳተ ስም አንዴ ወደ ዝርዝር ከገባ ሌሎች ይገለብጡታል፣ ለማውጣትም ዓመታት ይፈጃል።

የትዕግሥት ዋጋ በኮንጎ ታይቷል። ወይዘሮ ጉሴንስ ፎንታና የተባሉ ቤልጂጋዊት በቅኝ ግዛት ዘመን ከጫካ የለቀሙትን እንጉዳይ ትኩስ ሳለ በውኃ ቀለም ይሥሉ፣ ከዚያ ያደርቁ ነበር። ከአሥርት ዓመታት በኋላ የእንጉዳይ ተመራማሪው ሮልፍ ሲንገር ሥዕሉንና የደረቀውን አጣምሮ የኮንጎን ማራስሚየሶች በ1964 እና በ1965 አሳተመ። ያ ሥራና አንቶኒን በ2007 ስለ ሞቃታማው አፍሪካ ማራስሚየሶች ያወጣው መጽሐፍ ዛሬ መቐለ ላይ ላለ መርማሪም የመጀመሪያ መነሻ ናቸው።

የዲኤንኤ ምርመራ ብዙ ነገር አቅልሏል። አይቲኤስ የሚባለው የዘረመል ክፍል በ2012 ለፈንገሶች ሁሉ መለያ እንዲሆን በይፋ ቀርቧል። ሆኖም ትንሽ እንጉዳይ ላይ ሻጋታ ቶሎ ይወጣል፤ ማሽኑ የሻጋታውን ዘረመል አንብቦ ሊመልስ ይችላል። በዓለም አቀፍ ቋት ውስጥ ከተቀመጡት ቅደም ተከተሎች መካከልም በስህተት የተሰየሙ አሉ። ዘረመሉ ከሕዋሱና ከማስታወሻው ጋር ሲስማማ ብቻ ነው ስም የሚሆነው።

የአገራችን መዝገብ ግን ሳስቷል። ካስቴላኒና ቺፈሪ የተባሉ ጣሊያኖች በ1937 የምሥራቅ አፍሪካን ፈንገሶች የሚዘረዝር ሥራ አወጡ። በ1967 ስቱዋርትና ዳኛቸው ይርጉ የኢትዮጵያን የዕፅዋት በሽታዎች ዘረዘሩ፤ ዝርዝሩም ያተኮረው ሰብል በሚያጠቁት ላይ ነው። የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ በ1980 ተጀምሮ በ2009 ሲጠናቀቅ 6,000 ገደማ ዕፅዋትን መዝግቧል። ለእንጉዳይ እንዲህ ያለ ሥራ አልተሠራም። ይህን ክፍተት መሙላት ቅንጦት አይደለም፤ ሌፒዮታ ከተባለው የእንጉዳይ ወገን ትንንሾቹ አንዳንዶቹ አማቶክሲን የሚባል ጉበት የሚገድል መርዝ አላቸው፣ ምልክቱም የሚጀምረው ከተበላ ከስድስት ሰዓት በላይ ዘግይቶ ነው። የታመመ ሰው ሆስፒታል ሲደርስ ሐኪሙ የበላው ምን እንደነበር ይጠይቃል፤ ከድስቱ ከተረፈው ቁራጭ ስፖር አውጥቶ የሚመልስለት ሰው ያስፈልገዋል።

ጊዜውም አይጠብቅም። ከ2020 እስከ 2022 በትግራይ በነበረው ጦርነት መብራትና ነዳጅ ሲቋረጥ ሕዝቡ ለማገዶ ወደ ዛፉ ዞሯል። ዛፍ ሲቆረጥ ጥላው ይነሣል፣ ርጋፊው ይደርቃል፣ በቅጠሉ የሚኖረው ፈንገስም ማደሪያ ያጣል። በየቤተ ክርስቲያኑ አጸድ የተረፉት ጥዶችና ወይራዎች ስለዚህ ለባለሙያዋ ከደስአ የማይተናነሱ መልቀሚያዎች ናቸው።

አዲስ ዝርያ እንዲጸድቅ የደረቀ ዋና ናሙና በታወቀ ተቋም መቀመጥ አለበት፤ ከ2013 ወዲህ ደግሞ ስሙ ቀድሞ በዓለም አቀፍ መዝገብ መመዝገብ ይኖርበታል። ለዚህ ከለጋው እስከ ያረጀው የሚያሳይ በቂ ናሙና ያስፈልጋል። ቢቻል ተከፍሎ አንዱ መቐለ፣ አንዱ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ናሙናዎች ማኖሪያ) ቢቀመጥ ይመረጣል። “ያልተወሰነ” ተብሎ የተጻፈው ፖስታ ውስጥ ያሉት ጥቂት አገዳዎች ለዚያ አይበቁም፤ በመጪው ነሐሴ ከዚያው ጥድ ሥር መልቀም ይቀራል።