ለማይታይ ቁርጥማት ሐኪም በስልክ

«ቴሌ» በግሪክኛ ሩቅ ማለት ነው። ቴሌሜድስን ደግሞ ሐኪምና ሕመምተኛ ተራርቀው ሳለ የሚገናኙበት ሕክምና ነው። በአገራችን በ1999 ዓ.ም. ጥቁር አንበሳና የነቀምቴ ሆስፒታል በፓን አፍሪካ ኢ-ኔትወርክ አማካይነት በሕንድ ሃይደራባድ ካለው ኬር ሆስፒታል ጋር ተገናኝተው ነበር።

እኔ ላነሳ የፈለግሁት ፋይብሮማያልጂያን ነው። ከ3 ወር በላይ መላ ሰውነትን የሚያም፣ ተኝተው ቢነሡም ድካሙ የማይለቅ ሕመም ነው። እኛ ጋ «ቁርጥማት» ተብሎ ይታለፋል፤ በራጅም በደም ምርመራም አይታይም። አክስቴ ከደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ ጎንደር ስትመረመር «ምንም የለብሽም» ተባለች። ሕመሙ ግን አብሯት ተመለሰ። ይኸው ሕመም ይሁን ሌላ፣ እስካሁን የነገራት የለም።

ታዲያ ስልክ ምን ይፈይዳል? የፋይብሮማያልጂያ ዋናው ሕክምና ቀስ በቀስ የሚጨምር የሰውነት እንቅስቃሴ፣ የእንቅልፍ ሥርዓት፣ ምክርና ክትትል ነው። አብዛኛው በንግግር የሚሰጥ ነው። ሕመምተኛዋ እንቅልፏንና ሕመሟን በደብተር ትመዘግባለች፤ ሐኪሙ ወይም ነርሷ ደውለው ይጠይቋታል፤ ሰውነት የሚሰብረው የመኪና መንገድም ይቀርላታል።

ሆኖም የመጀመሪያው ምርመራ በአካል መሆን አለበት። ደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ መታወክና የመገጣጠሚያ ብግነትም ተመሳሳይ ስሜት ያመጣሉና። ከዚያ ወዲያ ያለው ክትትል ግን ኔትወርኩ ቪዲዮ ባይችል እንኳ በተራ ስልክ ይሆናል።

ስለዚህ እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች የቴሌሜድስን ዜና ስንሠራ፣ ስለ ማሽኑ ከመጻፋችን በፊት «ለሕመምተኛዋ ማን ይደውልላታል?» ብለን እንጠይቅ።