ምሽጉ ከተሰበረ በኋላ በቤት የሚቀረው

ስለ ጦርነት ሲወራ «ምሽጉ ተሰበረ፣ ከተማው ተያዘ» ይባልና ወሬው ያበቃል። ለእናትና ለሚስት ግን ጭንቁ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉ ወጣቶችን ለ30 ወራት ይጠራ ነበር። ከአሰላ፣ ከሳጉሬና ከበቆጂ የገብስና የስንዴ ማሳም ብዙዎች ወደ ሰሜን ዘመቱ።

ከመላው አገሪቱ የተውጣጣው ጦር ከተከላከለባቸው ቦታዎች አንዷ ምጽዋ ናት። ከተማዋ በየብስና በሁለት ደሴቶች ላይ ስለተሠራች፣ አጥቂ ሁሉ በገላጣ ሜዳና በጠባብ መሻገሪያ ማለፍ ግድ ይሆንበታል። ታኅሣሥ 14 ቀን 1970 ዓ.ም. ሻዕቢያ በሳሊና የጨው ማምረቻ በኩል ሲያጠቃ፣ መከለያ በሌለው ሜዳ ብዙ ተዋጊ አልቆበት ተመለሰ። የካቲት 1 ቀን 1982 ዓ.ም. ግን «ፈንቅል» ባለው ዘመቻ በታንክና በፈጣን ጀልባ መጣ። የየብሱ ክፍል በጥቂት ቀናት ተያዘ፤ በደሴቶቹ የቀረው ጦር ለተጨማሪ ቀናት ተዋጋ። አዛዡ ብርጋዴር ጄኔራል ተሾመ ተሰማ እጅ ከመስጠት ይልቅ በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን አጠፉ። የባሕሩ በር በመዘጋቱ የአስመራው ጦር ስንቁን በአውሮፕላን ብቻ ይጠብቅ ጀመር፤ አስመራም ግንቦት 16 ቀን 1983 ዓ.ም. ተያዘች።

በወዲያኛው ወገን ከተሰለፉት ተዋጊዎች ሲሶ የሚሆኑት ሴቶች ነበሩ። በሁለቱም ወገን ልጇን የምትጠብቅ እናት ነበረች።

በአርሲ ባህል ሁለት ወገኖች ሲጋጩ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በመካከል ከገቡ ጠቡ ይቆማል። ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ለሚገኝ ምሽግ ግን ሲንቄ አይደርስም። የሚደርሰው ዝምታ ነው። መርዶ ካልመጣ ለቅሶ አይቀመጡም። እናት «ሞቷል» ብትል ልጇን በአፏ የገደለችው ይመስላታል። ሚስትም ባለትዳር ትሁን መበለት ሳይለይላት፣ ስለ ልጆቿ ውርስ መናገር ታፍራለች።

እህቶች፣ ለዚህ ሕግ መፍትሔ አለው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አንድ ሰው ጠፍቶ ወሬው ሳይሰማ ሁለት ዓመት ካለፈ፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው የመጥፋት ውሳኔ እንዲሰጥ ፍርድ ቤትን መጠየቅ እንደሚችል ደንግጓል። ይህን መጠየቅ የጠፋውን መክዳት አይደለም፤ ለቀሩት ማሰብ ነው።

በጎረቤታችሁ እንዲህ ያለች እናት ካለች «እስካሁን ትጠብቂያለሽ?» አትበሏት። አጠገቧ ተቀመጡ፤ የልጇን ስም፣ የዘመተበትን ዓመት፣ የመጨረሻው ደብዳቤ የመጣበትን ቦታ ጠይቃችሁ ጻፉላት። ለፍርድ ቤቱም ይጠቅማል፤ ለልጅ ልጆቿም ይቀራል።