በእናት ወተት ላይ መጨመር ወተቱን መንቀፍ ነውን?

«የእናት ወተት በራሱ ምሉዕ ስለ ሆነ በላዩ አንዳች መጨመር አይገባም» የሚለው እምነት በብዙዎች ዘንድ የጸና ነው፤ ወራቱን ጨርሶ ለተወለደ ሕፃንም እስከ ስድስት ወር ድረስ እውነት ነው። ነገር ግን 32 ሳምንት ሳይሞላው ወይም ከ1.5 ኪሎ ግራም በታች ሆኖ የተወለደ ጨቅላ፣ አጥንት የሚጸናበትን ካልሲየምና ፎስፈረስ አብዛኛውን በእትብቱ በኩል የሚቀበልበት የመጨረሻው የእርግዝና ዘመን ስለ ተቆረጠበት፣ የእናት ወተት ብቻውን አይበቃውም፤ ሕፀፁም ከወተቱ ሳይሆን ከጊዜው ማጠር የመጣ ነው።

ሒሳቡም ይህንኑ ያስረዳል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ካለፉ በኋላ 100 ሚሊ ሊትር የእናት ወተት ከ1 ግራም እምብዛም የማይበልጥ ፕሮቲን ሲኖረው፣ ይህ ጨቅላ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በቀን ከ3.5 እስከ 4 ግራም ይሻል፤ በወተት ብቻ ይሙላ ቢባል በኪሎ ከ300 ሚሊ ሊትር በላይ መጠጣት ነበረበት፤ ሆዱ የሚችለው ግን የዚያን ግማሽ ያህል ነው። ስለዚህ ነርሷ እናቲቱ ያለበችውን ወተት በስሪንጅ ለክታ፣ ፕሮቲንና ማዕድናት ቪታሚኖችም ያሉበትን ማበልጸጊያ አሟሙታ፣ በአፍንጫው በገባው ቀጭን ቱቦ ቀስ አድርጋ ታወርድለታለች።

ከዚህ የከፋው ስሕተት «መጨመር ካስፈለገው የቆርቆሮ ወተት ይሻላል» ማለት ነው። የእናት ወተት ያለ ጊዜው የተወለደውን ሕፃን አንጀቱን ከሚያቆስልና ከሚገድል ጽኑ ደዌ ይጠብቀዋል፤ የቆርቆሮ ወተት ግን ለዚሁ ደዌ ያጋልጠዋል። የእናቲቱ የራሷ ወተት ያልበቃ እንደ ሆነ፣ በ62.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ30 ደቂቃ ሞቆ ከጀርም የጠራ የሌሎች እናቶች የልግስና ወተት ይተካዋል፤ ለዚህ የሚሆን የወተት ባንክ ገና በ1909 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በቪየና ተቋቁሞ ነበር።

ቅቤ ማላስና የአብሽ ውኃ ማጠጣት ይህን ሕፀፅ አይሞሉም፤ ለጨቅላው አንጀትም አደገኞች ናቸው። ማበልጸጊያውም ቢሆን ሐኪም ሳያዝ በቤት የሚበጠበጥ አይደለም።

እንግዲህ እናቶች ሆይ፣ እንገሩን አትድፉት፤ ልጃችሁ መጥባት ባይችል እንኳ ከወለዳችሁበት ሰዓት ጀምራችሁ ቀንም ሌሊትም እለቡለት፤ ማበልጸጊያ ያስፈልገው እንደ ሆነም ሐኪሙን ሳታፍሩ ጠይቁ።